የነሐሴ ሸራ

ኅዳር 3

አባባ፣

እንዴት ከርመሃል? ያ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም «ምንም አይደለም» እያልክ ነው? ጆሮህ ስልክ እምቢ ካለ ወዲህ ድምፅህን የማላውቀው መስሎኛል። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነው ሥራዬ ነው።

«ሦስት ወር ሙሉ ደብተሮቼን ታቅፈሽ ምን ትሠሪያለሽ?» ላልከኝ፣ እውነቱን ልንገርህና እፎይ ልበል። አር የሚባል፣ ለስታትስቲክስ የተሠራ የኮምፒውተር ቋንቋ አለ። በመለኪያ ጣቢያህ የመዘገብካቸውን የዝናብ ቁጥሮች አስገብቼለት ትእዛዝ እጽፍለታለሁ፤ ይደምራል፣ ያወዳድራል፣ መስመር ይሥላል። ይህን የሚያደርገው ግን ደስ ሲለው ነው። ቅንፍ ከፍቼ መዝጋት ከረሳሁ አይቆጣም፣ አይናገርም፤ የመደመር ምልክት አውጥቶ ዝም ብሎ ይጠብቀኛል። እኔ ደግሞ የሚያስብ መስሎኝ እሱን እጠብቃለሁ። ትናንት እንዲህ ተፋጥጠን ሃያ ደቂቃ ተቀምጠናል። ቢሮውን የምንጋራው አራት ነን፣ መስኮታችን ከብስክሌት ማቆሚያ በቀር የሚያሳየው ነገር የለም፤ ሦስቱም አይተው ሳቁብኝ።

ያለፈውን ሳምንት የበላብኝ ግን አንተ ነህ። የሠላሳ አንድ ዓመቱን አማካይ አውጣልኝ ስለው «ይህ ቁጥር አይደለም» ብሎ በቀይ ጻፈብኝ። ከአሥራ አንድ ሺህ ቀን በላይ በጣቴ የተየብኩትን ቁጥር! ለካ ዝናቡ ለመለካት ሲያንስ «ጠ» እያልክ ጽፈሃል፣ እኔም እንዳየሁት አስገብቻለሁ። አር ደግሞ በአንድ ዓምድ ውስጥ አንዲት ፊደል ካገኘ ዓምዱን በሙሉ ፊደል ያደርገዋል። ጨጓራዬን ላጠው። ለመሆኑ አንድ «ጠ» ስንት ነው?

መሥሪያ ቤትህ ሊሰጥህ ስላለው ምስክር ወረቀት የጻፍከውን ሦስቴ አነበብኩት። «አንድም ቀን ያልተቋረጠ የሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ»። የእኔም የመመረቂያ ጽሑፍ የቆመው በዚሁ ቃል ላይ ነው። ዝናቡ ከዓመት ዓመት እየዘገየ መምጣቱን ለማሳየት ክፍተት የሌለው መዝገብ ያስፈልጋል፤ መምህሬ ርዕሱን የፈቀደልኝም የአንተን ደብተር አምኖ ነው። እንግዲህ መጋቢት ላይ አንተ ትሸለማለህ፣ ሚያዝያ ላይ እኔ አስረክባለሁ።

ልጅህ


ኅዳር 19

ለልጄ ለጥያቄ፣

ስምሽ ጥያቄ የወጣልሽ በከንቱ እንዳልሆነ ደብዳቤሽ መሰከረ። እኔ ደህና ነኝ። ሳሉ ሄዷል፤ ሲሄድም ጉልበቴን አስከትሎ ነው እንጂ።

«ጠ» ማለት ጠብታ ነው። ስንት ነው ብለሽ ብትጠይቂኝ አላውቅም። መለኪያው ረጥቧል፣ ብርጭቆው ውስጥ ግን የሚነበብ ነገር የለም። ዜሮ ብዬ ብጽፍ ዋሸሁ፣ አንድ ብዬ ብጽፍም ዋሸሁ። ስለዚህ «ጠ»። ያ ያንቺ ማሽን ጠብታና ፊደል መለየት ካቃተው ጥፋቱ የእኔ አይደለም። እንደምትነግሪኝ ከሆነማ የመሥሪያ ቤታችን የመስኮት ጸሐፊ ማለት ነው፤ አንዲት ነገር ጎደለች ብሎ ፋይሉን በሙሉ ይመልሳል፣ የጎደለችውን ግን አይነግርሽም።

ለሥነ ሥርዓቱ ያን ግራጫ ኮቴን ለሰፊ ሰጥቼ አስጠበብኩት። የወረዳው ኃላፊ ራሱ መጥቶ ጨብጦኛል። ንግግር አድርግ ብለውኛል፤ ምን እላለሁ? በየማለዳው ሦስት ሰዓት ላይ ብርጭቆ አነበብኩ ከማለት ሌላ ምን አለኝ? እናትሽ ብትኖር አንድ ነገር ትለኝ ነበር።

ቶሎ ቶሎ ብይ። ያን ሁሉ ጊዜ ወንበር ላይ መቀመጥ ለወገብ ደግ አይደለም።

አባትሽ


ታኅሣሥ 6

አባባ፣

ኮቱን ያየሁት ያህል ደስ አለኝ። ንግግሩን አታስብበት፤ ብርጭቆውን አንሥተህ ብታሳያቸው ይበቃል።

«ጠ»ን ለብቻዋ ዓምድ ሠራሁላትና አር አደብ ገዛ። ደስ ብሎኝ ሁሉንም ዓመቶች በአንድ ወረቀት ላይ ሣል አልኩት፤ እያንዳንዱን ዓመት ከመጋቢት እስከ የካቲት በአንድ መስመር። ሠላሳ አንድ መስመር ጠብቄ ከሰኔ ወዲያ ሠላሳ ብቻ ወጣ። አንዱ ዓመት ከሰኔ 7 ጀምሮ እስከ የካቲት መጨረሻ የለም። እንደተለመደው ራሴን ጠረጠርኩ፤ ትእዛዙን ፍቄ ጻፍኩት፣ ያው ነው። ነጠላ ሰረዙን፣ ቅንፉን፣ የፋይሉን ስም አንድ በአንድ አየሁ፣ ያው ነው። ሁለት ቀን እንዲህ ስሟገት ዋልኩና የጎደለውን መስመር ለብቻው ቀይ አድርገህ ሣለው ስለው ታየኝ። ጠፍቶ አይደለም፤ ሌላ መስመር ላይ ተኝቶ ነው።

የአሥራ ሁለተኛው ዓመት ዝናብ ከአሥራ አንደኛው ጋር አንድ ነው። ይመሳሰላል አላልኩህም። በቀን፣ በነጥብ፣ በ«ጠ» ሳይቀር አንድ ነው።

መቼም ስተይብ አንዱን ገጽ ሁለቴ አስገብቼ ይሆናል ብዬ ደብተሮቹን ገለጥኩ። አልተሳሳትኩም። አባባ፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ሊሆን ይችላል? የምታስታውሰው ነገር ካለ ጻፍልኝ።

ልጅህ


ታኅሣሥ 24

ለልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እዚህ ብርዱ በርትቷል፤ የጎረቤታችን ጣራ በነፋስ ተነሥቶ ሁለት ቀን እሱን ስንመልስ ቆየን።

ለጠየቅሽኝ፣ ዝናብ ነው፤ አንዳንዴ ራሱን ይደግማል። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የዘነበውን በቀን በቀን ላስታውስ አልችልም። ደብተሩ ያለው ያው ነው። ማሽኑ ትናንት ቁጥር አልቆጥርም ያለሽ ማሽን አይደለም ወይ? ዛሬ እንዴት ነው የታመነው?

ኮቱ ትከሻው ላይ ይይዘኛል፤ መልሰው እንዲያሰፉልኝ ሰጥቻለሁ።

አባትሽ


ጥር 8

አባባ፣

ስላስቆጣሁህ ይቅር በለኝ። ግን ነገር አዙረህብኛል፣ እሱንም ሳልናገር ብቀር አንጀቴ ያርራል። አሥራ አንድ ሺህ ቀን ከአንተ ጋር ኖሬያለሁ። ዝናብ ራሱን እንደማይደግም ያስተማርከኝ አንተ ነህ።

ደብተሩን እንደገና አየሁት። የቀሩት ገጾች ሁሉ የውሃ ጠብታ አለባቸው፤ ቀለሙ ይለያያል፣ አንዳንዱ በእርሳስ ነው፣ አንዱ ላይ የእናቴ የዘይት ጣት አሻራ አለ። እነዚያ ዘጠኝ ወሮች ግን ንጹሕ ናቸው። አንድ ብዕር፣ አንድ ቀለም፣ አንድ እጅ። ከሁለት መቶ ስድሳ የማያንሱ መስመሮች ቁጭ ተብሎ ባንድ ወንበር ነው የተጻፉት።

መምህሬ ሥዕሉን ከወር በኋላ ይፈልጋል። ያለሁበትን ላስረዳህ። እንዳለ ብተወው በስሜ የምዋሸው እኔ ነኝ። ዘጠኙን ወር ባወጣው መዝገቡ ተቋረጠ፤ ጽሑፌ ርዕሱን ያጣል፣ መሥሪያ ቤቱም ሲያነበው የአንተን ምስክር ወረቀት እንደገና ይመረምረዋል። የቱንም ብመርጥ አንዳችን እንጎዳለን። ሳላውቅ ግን መምረጥ አልችልም። ያን ዓመት የት ነበርክ?

እኔ የማስታውሰው አክስቴ ቤት፣ ከተማ እንደነበርኩ ብቻ ነው። አሥር ዓመቴ ነበር። ጥሩ ትምህርት ቤት ገባሽ ብላችሁ ላካችሁኝ፣ ዓመቱን ሙሉ ማንም ሊያየኝ አልመጣም።

ልጅህ


ጥር 27

አባባ፣

ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰው አውቶቡስ ሁለቴ መጥቶ ሁለቴ ባዶ እጁን ተመለሰ። ረዳቱ ደህና እንደሆንክ ነግሮኛል፤ ሰላም አለኝ አለ፣ ደብዳቤ ግን የለም አለ።

ደህና ከሆንክ መልስልኝ። ባትመልስም ደህና ሁን።


የካቲት 5

ለልጄ ለጥያቄ፣

ሁለት ደብዳቤ ጽፌ ቀደድኩ። ይህን ሳልደግመው ፖስታውን አሽጌዋለሁ፤ ስሕተት ቢኖርበት አንቺ አርሚው።

ያን ዓመት ሳንባዬን ታምሜ ሆስፒታል ነበርኩ፤ ያ ከከተማ ውጭ፣ ሰው የማይጠይቅበት። ያን ጊዜ ሳንባውን የታመመ ጣቢያ ጠባቂ ወዲያው በሌላ ይተካ ነበር። ስለዚህ ለማንም አልተናገርንም። አንቺንም የላክንሽ ለትምህርት ብለን አይደለም፤ እንዳይዝሽ ፈርተን ነው። ያልመጣነውም በዚያው ነው። ይህን ስትሰሚ ምን እንደምትይ አላውቅም፤ ብትቆጪ ሐቅሽ ነው።

ጣቢያውን ለእናትሽ ተውኩላት። እሷ ግን ቁጥር አታነብም፣ አንቺም ታውቂያለሽ። ከመሄዴ በፊት ስድስት ቀን አብረን አነበብን፤ እኔ በደብተር፣ እሷ በራሷ መንገድ። ልብስ ሰፊ አይደለች? ከአሮጌ የድንኳን ሸራ ለየወሩ አንድ አንድ ቁራጭ ቀደደች፤ የጳጉሜን ቀኖች ከመስከረም ጋር። በየማለዳው ሸራውን ከብርጭቆው አጠገብ ታቆመዋለች፣ የውሃውን ቁመት በክር ትሰፋዋለች። አንድ ቀን፣ አንድ ረድፍ። ደረቅ ለሆነ ቀን ጠርዙ ላይ አንዲት መስቀል። ለጠብታ ደግሞ አንዲት ቋጠሮ።

ድኜ ስመለስ መዝገቡን የሚሰበስበው ተቆጣጣሪ ሊመጣ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ሸራዎቹን ዘርግታ አሳየችኝ። እኔ ምን አልኳት? «ዝናብ በመርፌ አይመዘገብም» ብዬ ሳቅሁባት። ከዚያ ቁጭ ብዬ ያለፈውን ዓመት ገለበጥኩ። ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ከተተቻቸው። እስከ ዕለተ ሞቷ ነገሩን አላነሣችብኝም፣ ያ ነው አሁን እንቅልፍ የነሳኝ።

ከዚህ ጋር በረዳቱ እጅ ልኬልሻለሁ። ስምንት ናቸው። የነሐሴው የለም። ብፈልግ አጣሁት።

የፈለግሽውን ጻፊ።

አባትሽ


የካቲት 20

አባባ፣

ተቆጥቻለሁ። ዓመቱን ሙሉ በአክስቴ በር ላይ ቆሜ አውቶቡስ ስቆጥር የነበረችው ልጅ ተቆጥታለች። ቁጣው እስኪወጣልኝ አልጻፍኩልህም፤ አሁንም ጨርሶ አልወጣልኝም፣ ግን ሥራው ሊጠብቅ አልቻለም።

ሸራዎቹን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ በማስመሪያ ለካኋቸው። የቢሮ ጓደኞቼ መጀመሪያ ሳቁ፤ ሲገባቸው አንዷ ጠጋ ብላ እኔ ስለካ እሷ ጻፈችልኝ። አራት ቀን ወሰደብን። የስፌቱን ርዝመት ወደ ዝናብ መለወጫ እንዴት አገኛለሁ ብዬ ተጨንቄ ነበር። ከዚያ የሰኔው ሸራ ትዝ አለኝ፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ረድፎች አብራችሁ ያነበባችሁባቸው ቀኖች ናቸው። የአንተን ቁጥርና የእሷን ስፌት ጎን ለጎን ለአር ሰጠሁት።

አባባ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። አራት ነጥብ ሁለት ሚሊ ባልክበት ቀን የእሷ ስፌት ዘጠኝ ሳንቲ ከሁለት ሚሊ ነው። አሥራ አንድ ነጥብ ስድስት ባልክበት ቀን ብርጭቆው አልበቃ ብሏታል፤ አንዴ እስከ አፉ፣ ከዚያ በዚያው ረድፍ ሌላ አጭር ስፌት ጨምራለች። «ጠ» ባልክበት ቀን ቋጠሮዋ አለች። ስድስቱም ገጠሙ። አር እንደሆነ ይህን ያህል ሲስማማልኝ የመጀመሪያው ነው፤ እንዲያውም ትእዛዜ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ሦስቴ ደገምኩት።

ብርጭቆው ዐሥር ሚሊ ሲሞላ ቁመቱ ሃያ ሁለት ሳንቲ መሆኑን በእጅህ ለክተህ አረጋግጥልኝ።

ነገር ግን ነሐሴ ከሌለ የዚያ ዓመት ክረምት ወገቡ የለም። ስምንቱ ንጹሕ ሆነው ዘጠነኛው ብቻ እንዴት ይጠፋል? እናቴ ዕቃ አትጥልም። አሁንም ዳር ዳር የምትለው ነገር ካለ እባክህ ጨርሰው።

ልጅህ


መጋቢት 4

ለልጄ፣

ሃያ ሁለት ሳንቲ ነው። ሁለቴ ለካሁት።

ዳር ዳር እንዳልል ነግረሽኛል። ነሐሴ አልጠፋም። ያን ቀን ከሳቅሁባት በኋላ ወጥቼ መለኪያውን ሳየው አንድ እግሩ ዘሟል። ከሥሩ የሚገባ ነገር ፈለግሁ። ከሸራዎቹ አንዱን አንሥቼ አጣጥፌ እግሩ ሥር ወተፍኩት። እናትሽ በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በየማለዳው እዚያው ላይ ጎንበስ ብዬ አንብቤያለሁ። ስጽፍልሽ አፍሬ ነው አጣሁት ያልኩት።

ትናንት አወጣሁት። ክሩ በስብሶ አልቋል። ሸራው ግማሽ አፈር ሆኗል፤ አጥቤ በጥላ አድርቄዋለሁ። ለምን እንደላክሁልሽ አላውቅም። እኔ ዘንድ ይቀመጥ ብዬ ግን አላስችል አለኝ።

መሥሪያ ቤቱም ሄጃለሁ። ለመስኮቱ ጸሐፊ ምስክር ወረቀቱ ላይ «ያልተቋረጠ» የሚለው ይውጣ አልኩት። ታትሟል አለኝ። አውጡት አልኩ። ለምን አለኝ፤ ነገርኩት። ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ፣ ሁለት ሰዓት አስቆመኝ፣ ተመልሶ ጉዳዩ እስኪጣራ ሥነ ሥርዓቱ ቀርቷል አለኝ። በጨርቅ የተለካ ዝናብ በደንቡ የለም ይላሉ። ደንቡን እኔ ከእሱ በፊት አውቀዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የጨበጡኝ ሰዎች ዛሬ መተላለፊያው ላይ ሲያዩኝ ስልክ ያወራሉ። ቅስሜ አልተሰበረም ብልሽ ውሸት ነው።

ኮቱን ማስፋቱ ቀርቶ ጭራሽ አጥብበውት አሁን አይዘጋም። ቢቀር ይሻላል።

አባትሽ


መጋቢት 18

አባባ፣

ሸራው ደርሷል። ስፈታው ጠረጴዛዬ አፈር በአፈር ሆነ፣ አላራገፍኩትም። ክር የለም። አገላበጥኩት፣ የሚለካ ነገር አጣሁና ተስፋ ቆርጬ ላጣጥፈው ስል ወደ መስኮቱ ዞር አልኩ። ብርሃኑ ሲመታው ቀዳዳዎቹ ታዩ። ሸራ ወፍራም ነው፤ መርፌ የበሳውን አይረሳም። ክሩ የጀመረበት አንድ ነጥብ፣ ያለቀበት አንድ ነጥብ። መስኮቱ ላይ በማጣበቂያ ለጠፍኩትና በማስመሪያ በነጥብና በነጥብ መካከል ለካሁ። የቢሮ ጓደኞቼ ብርሃን እንዳይከልሉብኝ ወንበራቸውን አነሡልኝ።

ከሠላሳው ረድፍ አሥራ ዘጠኙ ተነበበ። አሥራ አንዱ የመለኪያው እግር ያረፈበት ነው፤ ቦታው ተበልቷል።

ስለ መሥሪያ ቤቱ ሳነብ ደሜ ፈላ። መጥቼ ያን የመስኮት ጸሐፊ ልናገረው አስቤ ነበር፤ ከዚያ ምን ይጠቅማል ብዬ ተውኩት። ለመምህሬ ግን ሁሉንም ነገርኩት፤ ደብተሩን፣ ሆስፒታሉን፣ ስፌቱን። ርዕሱን ትቀይሪያለሽ፣ ሚያዝያም አይደርስልሽም፣ ጥቅምት ታስረክቢያለሽ አለኝ። ከዚያ ሸራዎቹን ሊያይ ተነሥቶ መጣ፤ የሰኔውን ስድስት ረድፎች በጣቱ እየተከተለ አያቸው። አዲሱ ርዕስ ላይ «ያልተቋረጠ» የሚል ቃል የለም። ስድስት ወር በከንቱ ሄደብኝ፣ እሱ ያናድደኛል፤ አንተ ላይ ግን አይደለም።

የገለበጥከውን በሙሉ ሰርዣለሁ። በሰንጠረዡ ላይ «ያነበበው» የሚል አዲስ ዓምድ ጨምሬ በየቀኑ ፊት «አባት» ወይም «እናት» ብዬ ሞላሁ። የእሷ ዓመት ከአንተ ግልባጭ ሥር ሲወጣ ዝናቡ ዐሥራ ሦስት ቀን ዘግይቶ የገባበት ዓመት ሆኖ ተገኘ። ያንን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ለአሥራ አንዱ ቀን አር የራሱ ምልክት አለው። ኤንኤ ይባላል፤ ዜሮ አይደለም፣ «ጠ»ም አይደለም፣ «አላውቅም» ማለት ነው። ሞላሁትና የዚያን ነሐሴ አማካይ ስጠይቀው እሱም መልሶ ኤንኤ አለኝ። አንድ የማይታወቅ ቀን እንኳ ካለ ሁሉንም አላውቀውም ይላል። ጎዶሎዎቹን ዝለላቸው ብዬ ባዝዘው ይዘልላል፤ አንዲት ቃል ናት፣ ለጽሑፉ ነገ እጽፋታለሁ። ዛሬ ግን አላዘዝኩትም። እንዳለ ተውኩትና ሸራውን መስኮቱ ላይ ሳልነቅል ወጣሁ።

የመለኪያው እግር ሥር ሌላ ነገር አስገባ፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይበቃል። አውቶቡስ ቆጥሬያለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ፣ ሦስት ሰዓት ላይ አብረን እናነባለን።

ልጅህ